የድሮውን ኪቶ በእግር፦ በሁለት ቀን እንዴት እንደሚታይ

እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገቡን ሲከፍት መጀመሪያ የገቡት 12 ቦታዎች ብቻ ነበሩ። ሁለቱ የእኛ ናቸው፤ ላሊበላና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ። ሌሎቹ ሁለት ደግሞ የኢኳዶር ናቸው፤ የጋላፓጎስ ደሴቶችና ዋና ከተማዋ ኪቶ። ላሊበላን የማያውቅ የለም። የመዝገብ እኩያዋን ኪቶን ግን የሚያነሳት ሐበሻ ብዙም አይገኝም።

አብዛኛው ጎብኚ ኢኳዶር የሚገባው ለጋላፓጎስ ነው። ኪቶ አንድ ሌሊት አድሮ በማግስቱ ይበራል። ይህ መመሪያ ያንን አንድ ሌሊት ወደ ሁለት ሙሉ ቀን ለማስረዘም ለፈቀደ ሰው ነው። ከአሜሪካ ለምትነሡ ጉዞው ያን ያህል ሩቅ አይደለም። ከአዲስ አበባ ለምትነሡ ግን ረጅም ነው፤ ስለዚህ ሁለት ቀን መመደብ የበለጠ ያዋጣል።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ልበል። የድሮው ኪቶ በወርቅ የተለበጡ ቤተ ክርስቲያናት ከተማ ነው። ወርቁ ዓይን ይወስዳል። እኔ የምመክራችሁ ግን በየገባችሁበት አንድ ጥያቄ ይዛችሁ እንድትገቡ ነው፤ ይህን ማን ሠራው? ያዘዘው ስፔናዊ ነው። ድንጋዩን የጠረበው፣ እንጨቱን የፈለፈለው፣ ሥዕሉን የሣለው እጅ ግን ብዙ ጊዜ የአገሬው ተወላጅ ወይም የክልስ ነው። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል የተሠራው ያንን እጅ ለመፈለግ ነው።

(ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ሰዓቱን ግን በእኛ ነው የምናገረው።)

1. ጊዜውንና ወረቀቱን ጨርሱ

የኪቶ ደረቅ ወቅት ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ድረስ ነው። አዲስ አበባ በዝናብ ስትታጠብ ኪቶ ፀሐይ ነው ማለት ነው። ከክረምት መሸሽ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም። በሌላው ጊዜም መሄድ ይቻላል። ጠዋት ብሩህ ሆኖ ከሰዓት በኋላ ስለሚዘንብ የውጭውን ጉብኝት በጠዋት ጨርሱ፤ ከሰዓት በኋላ ሙዚየም ግቡ።

የሰሙነ ሕማማት ሥርዓታቸውን ማየት ከፈለጋችሁ ቀኑን በእነሱ ካላንደር አረጋግጡ። ካቶሊኮች ስለሆኑ ፋሲካቸው ከእኛ ጋር አንዳንዴ ይገጥማል፣ ብዙ ጊዜ ግን ይቀድማል። በስቅለት ዓርብ ከሳን ፍራንሲስኮ ቤተ ክርስቲያን የሚወጣው ሰልፍ ከተማውን ያስቆመዋል። ሐምራዊ ልብስና ረጅም ሹል ቆብ ያደረጉ፣ ፊታቸውን የሸፈኑ ንስሐ ገቢዎች መስቀል ተሸክመው ይሄዳሉ። ቆቡ አሜሪካ ለሚኖር ሰው የዘረኞቹን የኩ ክላክስ ክላንን ቆብ ሊያስታውሰው ይችላል። አትደንግጡ፤ ልማዱ ከስፔን የመጣ ነው፣ ትርጉሙም ንስሐ ብቻ ነው።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያለው ሰው ቪዛ ያስፈልገዋል። የአሜሪካ ፓስፖርት የያዛችሁ እስከ 90 ቀን ያለ ቪዛ ትገባላችሁ። ደንብ ስለሚለዋወጥ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ኤምባሲ ጠይቁ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁንም ያዙ።

ገንዘቡ ቀላል ነው። ኢኳዶር ከ2000 ጀምሮ የራሷን ገንዘብ ትታ በአሜሪካ ዶላር ነው የምትገበያየው። የምንዛሪ ጣጣ የለም። ጣጣው ዝርዝር ነው። የመቶ ዶላር ኖት ይዛችሁ ትንሽ ሱቅ ብትገቡ የሚቀበላችሁ የለም። ባለ አንድ፣ ባለ አምስትና ባለ አሥር ዶላር ይዛችሁ ሂዱ።

2. ለከፍታው አንድ ቀን ስጡት

ኪቶ ከባሕር ጠለል በላይ 2,850 ሜትር ላይ ነው። ደብረ ብርሃን በሉት። አውሮፕላን ማረፊያው ከከተማው በስተ ምሥራቅ ታባቤላ በሚባል ቦታ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ ስታርፉ ቦሌ ያረፋችሁ ነው የሚመስላችሁ። ከዚያ በመኪና ሽቅብ ትወጣላችሁ።

ከአዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ብዙም አይቸገርም። ከዋሽንግተን፣ ከዱባይ ወይም ከቴል አቪቭ የሚመጣው ግን ደጋ ተወልዶ ያደገ ቢሆንም ሰውነቱ ረስቶታል። «እኔ የጎጃም ልጅ ነኝ» ብላችሁ በመጀመሪያው ቀን ደረጃ አትሩጡ። ውኃ ጠጡ፣ ቀለል ያለ ምግብ ብሉ፣ በጊዜ ተኙ።

ፀሐዩ ሌላ ነው። ከተማው የምድር ወገብ አጠገብ፣ ያውም ተራራ ላይ ነው። አየሩ ስለሚቀዘቅዝ ፀሐዩ አይሰማችሁም፤ ማታ ግን ፊታችሁ ይነግራችኋል። ኮፍያ ያዙ። ለማታ ደግሞ ጃኬት።

ቀንና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ እኩል ነው ማለት ይቻላል። 12 ሰዓት ገደማ ይነጋል፣ 12 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ይመሻል። በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ለሚኖር ሰው የሚመች ከተማ ነው።

3. በሜትሮ ግቡ

የኪቶ ሜትሮ ሥራ የጀመረው በታኅሣሥ 2023 ነው። አንድ መስመር፣ 15 ጣቢያ፣ 22 ኪሎ ሜትር ያህል። የድሮው ከተማ ጣቢያ ሳን ፍራንሲስኮ ይባላል፤ ከአደባባዩ ሥር ነው ያለው። ከሰሜኑ ዘመናዊ ሰፈር ተሳፍራችሁ ደረጃውን ስትወጡ በቀጥታ 16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ውስጥ ትወጣላችሁ። በድሮው ከተማ ጠባብ መንገድ ላይ መኪና ይዞ መግባት ራስን ማሠቃየት ነው።

ማደሪያስ? የድሮው ከተማ ውስጥ በድሮ መኖሪያ ቤቶች የተከፈቱ ሆቴሎች አሉ። መሐል ግቢ፣ ዙሪያውን ሰገነት፣ መሐሉ ላይ ፏፏቴ። ያምራሉ። ማታ ላይ ግን ከዋና ዋናዎቹ መንገዶች ውጭ ጭር ስለሚል ብዙ ሰው ሰሜን ሰፈር ማደር ይመርጣል። እኔ ብሆን አንዱን ሌሊት የድሮው ከተማ ውስጥ አድራለሁ፤ ጠዋት ሱቅ ሳይከፈት አደባባዩን ባዶውን ለማየት።

4. አንዲት ገጽ ታሪክ አንብባችሁ ውጡ

ይህን ካላወቃችሁ ያያችሁት ሁሉ የፈረንጅ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ይሆንባችኋል።

ስፔኖች ከመምጣታቸው በፊት ኪቶ የኢንካዎች ሰሜናዊ ከተማ ነበረች። ኢንካዎቹም ራሳቸው ቦታውን ከያዙት ገና ጥቂት አሥርት ዓመታት ነበር፤ ከእነሱ በፊት ሌሎች ሕዝቦች ኖረውበታል። የኢንካው ንጉሥ አታሁዋልፓ በ1533 ካሃማርካ ላይ በስፔኖች እጅ ተገደለ። የጦር አለቃው ሩሚኛዊ ስፔኖች ወደ ሰሜን ሲገሠግሡ ከተማዋን ለጠላት ከመተው አቃጠላት። ሴባስቲያን ዴ ቤናልካሳር በታኅሣሥ 6 ቀን 1534 በአመዱ ላይ የስፔን ከተማ ተከለ። ስለዚህ ፔሩ ውስጥ ኩስኮን ያየ ሰው ኪቶ ላይ የኢንካ ግንብ ቆሞ አገኛለሁ ብሎ አይድከም። እዚህ የተረፈው እጁ ነው እንጂ ግንቡ አይደለም።

ታኅሣሥ 6 እስከ ዛሬ የከተማው በዓል ነው። ሰዉ ያን ሳምንት ይጨፍራል፣ ኳረንታ የሚባል ካርታ ይጫወታል። በሌላ በኩል «የወራሪን ቀን ለምን እናከብራለን?» የሚል ክርክርም አያጣውም። ሩሚኛዊም በአገሩ ጀግና ነው፤ ታኅሣሥ 1 የእሱ መታሰቢያ ነው። ሁለቱ ቀኖች በአንድ ሳምንት ውስጥ መዋላቸው ስለ ኪቶ ብዙ ይናገራል።

5. የመጀመሪያው ቀን ጠዋት፦ ፕላሳ ግራንዴ

ከዋናው አደባባይ ጀምሩ። ሰዉ ፕላሳ ግራንዴ ይለዋል፤ በመዝገብ የነፃነት አደባባይ ነው። መሐሉ ላይ ካለው ሐውልት አጠገብ ቁሙና ዙሪያውን ተመልከቱ። በአንድ ወገን ካሮንዴሌት ቤተ መንግሥት፣ በአንድ ወገን ካቴድራሉ፣ በአንድ ወገን የጳጳሱ ግቢ፣ በአንድ ወገን ማዘጋጃ ቤቱ። ሥልጣን በሙሉ ፊት ለፊት ተፋጥጦ ይታያል።

አግዳሚ ወንበር ፈልጋችሁ ተቀመጡ። ጫማችሁንም ለሊስትሮ ስጡ። ሊስትሮዎቹ የአደባባዩ ነባር ናቸው፤ ጥቂት ስፔንኛ ካላችሁ ከማንኛውም አስጎብኚ የተሻለ ወሬ ታገኛላችሁ።

ሐውልቱ የነሐሴ 10 ቀን 1809 መታሰቢያ ነው። በዚያ ቀን የኪቶ ሰዎች የስፔንን ሹም አውርደው የራሳቸውን መማክርት አቋቋሙ። ብዙ አልቆየም። በቀጣዩ ዓመት ነሐሴ 2 ቀን የታሠሩት አርበኞች እስር ቤት ውስጥ እንዳሉ ተጨፈጨፉ። እውነተኛው ነፃነት የመጣው ግንቦት 24 ቀን 1822 አንቶኒዮ ሆሴ ዴ ሱክሬ ከከተማው በላይ ባለው የፒቺንቻ እሳተ ገሞራ ጎን ላይ የስፔንን ጦር ሲያሸንፍ ነው። ቀና ብትሉ ተራራው ይታያችኋል። የሱክሬ መቃብር ካቴድራሉ ውስጥ ነው፤ ግቡና እዩት።

ይህ አደባባይ ደም የማያጣው ነበር። ፕሬዚዳንት ጋብሪኤል ጋርሲያ ሞሬኖ በነሐሴ 6 ቀን 1875 ከካቴድራሉ ወጥተው ቤተ መንግሥቱ ደጃፍ ሲደርሱ በቆንጨራና በጥይት ተገደሉ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ደግሞ ጳጳሱ ሆሴ ኢግናሲዮ ቼካ በስቅለት ዓርብ፣ በመሠዊያው ላይ፣ በወይኑ ውስጥ በተጨመረ መርዝ ሞቱ። ገዳዩ ማን እንደሆነ ዛሬም ያከራክራል።

ካቴድራሉ ውስጥ ካስፒካራ በመባል የሚታወቀውን የማኑኤል ቺሊን ሥራ ፈልጉ። የ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአገሬው ተወላጅ ቀራፂ ነው። ስሙን ያዙት፤ በኋላ እንመለስበታለን።

6. ከዚያ ሳን ፍራንሲስኮ (ላ ኮምፓኒያ ይቆይ)

ሌሎች መመሪያዎች በቀጥታ ወደ ላ ኮምፓኒያ፣ ወደ ወርቁ ይወስዷችኋል። እኔ መጀመሪያ ሳን ፍራንሲስኮ እላለሁ። ምክንያቱም ሁሉም የተጀመረው እዚህ ነው።

ዮዶኮ ሪኬ የሚባል የፍላንደርስ ፍራንሲስካዊ መነኩሴ ከተማዋ በተቆረቆረች ሰሞን መጥቶ ገዳሙን መሠረተ። በአገሩ የመጀመሪያውን ስንዴ የዘራው እሱ ነው ይባላል። ከስንዴው የሚበልጠው ግን ሌላ ነው። ገዳሙ ለአገሬው ልጆች ሳን አንድሬስ የሚባል ትምህርት ቤት ከፈተ። ማንበብና መጻፍ፣ ሙዚቃ፣ ሥዕል፣ ቅርፃ ቅርፅ፣ ግንበኝነት ተማሩበት። ዓላማው ለቤተ ክርስቲያኖቹ ሠራተኛ ማግኘት ነበር። የወጣው ግን ትልቅ የጥበብ ወግ ነው፤ ዛሬ የኪቶ ትምህርት ቤት ይባላል፤ ሥራው ከአሜሪካ አህጉር አልፎ አውሮፓ ድረስ ተልኳል።

ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ያለውን ሰፊ የድንጋይ መድረክ ከመውጣታችሁ በፊት የካንቱኛን ተረት ማወቅ አለባችሁ። ኪቶ ውስጥ ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም።

ካንቱኛ የአገሬው ተወላጅ ግንበኛ ነበር። መድረኩን በተወሰነ ቀን ጨርሶ ለማስረከብ ውል ገባ። ቀኑ ደረሰ፤ ሥራው ገና ነው። ካልጨረሰ እስር ቤት ይወርዳል። በመጨረሻው ሌሊት ዲያብሎስ መጣና «ሳይነጋ እጨርስልሃለሁ፤ ነፍስህን ስጠኝ» አለው። ካንቱኛ ተስማማ፤ ግን አንዲት ድንጋይ እንኳ ብትጎድል ውሉ ይፈርሳል ብሎ አስፈረመ። አጋንንቱ ሌሊቱን ሙሉ ሲገነቡ አደሩ። ካንቱኛ ግን አንዲት ድንጋይ ደብቆ ነበር። ሲነጋ ዲያብሎስ ነፍሱን ሊወስድ መጣ። ካንቱኛ «ቁጠር» አለው። አንድ ጎደለች። ዲያብሎስ በኀፍረት ተመለሰ።

ሰዉ እስከ ዛሬ ያቺን የጎደለች ድንጋይ ይፈልጋል። እናንተም ፈልጉ፤ ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ግማሽ ሰዓት ያለ ጭቅጭቅ ያልፋል። እኔን የሚያስደስተኝ ሌላ ነገር ነው። ዲያብሎስንም ቀጣሪውንም በአንድ ሌሊት ያሸነፈው ግንበኛው ነው። ይህን ተረት ማን እንደፈጠረው መገመት አያስቸግርም። በገዳሙ ግቢ ጎን በስሙ የተጠራ የካንቱኛ ጸሎት ቤት አለ።

አሁን ግቡ። በዋናው መሠዊያ ላይ ቤርናርዶ ዴ ሌጋርዳ በ1734 የቀረፃትን እመቤት ታያላችሁ። ትንሽ ናት፤ በወርቁ መካከል እንዳታመልጣችሁ። ራእይ ምዕራፍ 12ን የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይለያታል። ጨረቃ ከእግሯ በታች፣ እባቡ ከሥር፣ ሁለት ክንፍ ከጀርባዋ። ልዩ የሚያደርጋት አኳኋኗ ነው። በስፔን ሥዕሎች ያለችው እመቤት ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ የሌጋርዳዋ ግን ወገቧን ሰበር አድርጋ፣ እጇን ዘርግታ የምትጨፍር ትመስላለች። የኪቶ ሰው «የምትጨፍረዋ ድንግል» የሚላት ያለ ነገር አይደለም። ከዚህ ስትወጡ መልኳን አትርሱት።

ገዳሙ ውስጥ ያለውን ሙዚየም አትዝለሉ። ቅርፆቹን ቀርባችሁ ስታዩ ቆዳቸው የሰው ቆዳ ይመስላል። አሠራሩ እንዲህ ነው። እንጨቱን ቀርፀው በኖራማ ልባጥ ይቀቡታል፣ ቀለም ይደርቡበታል፣ ከዚያ በእንስሳ ፊኛ ደጋግመው ያሹታል፤ ያ ማብረቅረቅ የሚመጣው ከዚህ ነው። ዓይኑ ብርጭቆ ነው። በዚህ ጥበብ ካስፒካራን የሚያህል አልነበረም።

7. ላ ኮምፓኒያ፦ ወርቁ

ከሳን ፍራንሲስኮ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። የኢየሱሳውያን፣ ማለትም ጀስዊት የሚባሉት የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር፣ ቤተ ክርስቲያን ነው። በ1605 ተጀምሮ በ1765 አለቀ። 160 ዓመት። በ1767 የስፔን ንጉሥ ኢየሱሳውያንን ከግዛቱ በሙሉ አባረራቸው። ለ160 ዓመት የደከሙበትን ቤት ሁለት ዓመት ብቻ ነው ያጌጡበት።

ውጭው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተጠረበ ነው። ከመግባታችሁ በፊት ጠማማ ዓምዶቹን ቆማችሁ እዩ። ውስጡ ከወለል እስከ ጣሪያ በወርቅ ቅጠል የተለበጠ እንጨት ነው። መጀመሪያ ዝም ትላላችሁ። ከዚያ ይበዛባችኋል። ያን ጊዜ ወርቁን ተዉትና እነዚህን ፈልጉ፦

ጣሪያውን። እርስ በርሱ የተጠላለፈው የመስመር ጌጥ ከአንዳሉሲያ ሙስሊሞች የመጣ ነው። ሙሮችን ከአገሯ ያባረረች ስፔን የሙሮችን ጌጥ አንዲስ ተራራ ላይ አመጣችው።

ደረጃውን። መግቢያው አጠገብ በአንድ ወገን ጠመዝማዛ ደረጃ አለ። በሌላው ወገን ደግሞ እኩያው። አንደኛው እውነት ነው፣ ሌላው ግድግዳ ላይ የተሣለ ነው፤ ሁለቱ ወገን እንዲመጣጠን ብቻ። የቱ የቱ እንደሆነ አልነግራችሁም።

የሲኦልን ሥዕል። የመጀመሪያውን የሣለው ኤርናንዶ ዴ ላ ክሩስ የሚባል ኢየሱሳዊ ነው፤ አሁን የሚታየው የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቅጂ ነው። ለየኃጢአቱ ቅጣቱ ተለይቶ ተሥሏል። ማንበብ ለማይችል ሕዝብ የተዘጋጀ ስብከት ነው፤ የእኛን አገር የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥዕል እያየ ያደገ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የማሪያና ዴ ሄሱስን መቃብር። ከዋናው መሠዊያ ሥር ነው። በ1645 ኪቶ በመሬት መንቀጥቀጥና በወረርሽኝ ስትታመስ «ስለ ሕዝቡ የኔን ሕይወት ውሰድ» ብላ ጸለየች፤ በዚያው ዓመት በ26 ዓመቷ ሞተች። በ1950 የኢኳዶር የመጀመሪያዋ ቅድስት ተባለች።

መግቢያ ይከፈላል። ካሜራችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ጠይቁ። ብዙዎቹ ቤተ ክርስቲያናት ደግሞ በምሳ ሰዓትና በቅዳሴ ጊዜ ለጎብኚ ስለሚዘጉ ይህን ሁሉ ከ6 ሰዓት በፊት ጨርሱ።

8. እዚያ የማታገኙት ሥዕል

ይህ እርምጃ እግር አይፈልግም፤ ስልካችሁን አውጥታችሁ ምሳ እየጠበቃችሁ አድርጉት። በ1599 አንድሬስ ሳንቼስ ጋልኬ የሚባል የኪቶ ተወላጅ ሠዓሊ ሦስት ጥቁር ሰዎችን ሣለ። ዶን ፍራንሲስኮ ዴ አሮቤና ሁለት ልጆቹ ናቸው። ከባሕር ዳርቻው ከኤስሜራልዳስ የመጡ ሹማምንት ናቸው። በዚያ ዳርቻ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከተሰበሩ መርከቦች ያመለጡ አፍሪካውያን ከአገሬው ሕዝብ ጋር ተጋብተው ስፔኖች በጦር ሊያስገብሩት ያልቻሉትን አገር መሥርተው ነበር። በኋላ በድርድር ታረቁ። ሥዕሉ ለንጉሥ ፊሊፔ ሦስተኛ የተላከ ስጦታ ነው።

ሦስቱም የስፔን ባላባት አንገት ልብስና ሐር ለብሰዋል፣ ጦር ይዘዋል፤ አፍንጫቸውና ጆሯቸው ላይ ግን የባሕር ዳርቻው ሕዝብ የወርቅ ጌጥ አለ። የሠዓሊው ስምና ዓመቱ ተጽፎባቸው ከደቡብ አሜሪካ ከደረሱን ሥዕሎች የመጀመሪያው ይህ ነው። ያለው ማድሪድ ነው። ኪቶ ውስጥ ተሥሎ ኪቶ ውስጥ የለም። ለአፍሪካዊ ጎብኚ ግን የከተማው ትልቁ ሥዕል ይኸው ነው።

9. ምሳ፣ ጾመኛም ቢሆን

በምሳ ሰዓት «አልሙዌርሶ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ቤት ግቡ። ሾርባ፣ ዋና ምግብና ጭማቂ በጥቂት ዶላር ነው። ሾርባው ሎክሮ ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ። ድንች ተቀቅሎ ተፈጭቶ፣ አይብ ገብቶበት፣ ከላይ አቮካዶ ያለበት ነው። ድንቹ የአንዲስ ልጅ ነውና በአገሩ ብሉት።

ጾም ላይ ላላችሁ ደግሞ መንገድ ዳር ቾቾስ ጠይቁ። ግብጦ ነው። የእኛው ግብጦ የቅርብ ዘመድ እንጂ ራሱ አይደለም፤ ግን ጎጃም እንደሚደረገው ሁሉ ምሬቱ እንዲወጣ ለቀናት ውኃ ውስጥ ይነከራል። በቆሎ ቆሎ፣ ሽንኩርትና ሎሚ ጨምረው ይሰጧችኋል። ቆሎው ቶስታዶ ይባላል፤ ቆሎ በሚያውቅ አገር ልጅ ፊት ሊኮራ የሚችል ቆሎ ነው። አንዳንዱ ቤት በዘይት ሳይሆን በአሳማ ስብ ስለሚቆላው «ማንቴካ አለው?» ብላችሁ ጠይቁ።

በእነሱ ጾም ወራት ፋኔስካ የሚባል ሾርባ አለ። ባቄላ፣ አተር፣ ምስር፣ ቾቾስ፣ በቆሎ፣ ዱባ፣ ከሥጋ ይልቅ ደረቅ ዓሣ። እህሉ 12 ዓይነት ነው፤ በሐዋርያት ቁጥር። ወተትና አይብ ስላለበት በእኛ ሕግ የፍስክ ነው። ኅዳር 2 ለሙታን መታሰቢያ የሚጠጣው ሐምራዊ ወፍራም መጠጥና የሕፃን ቅርፅ ያለው ዳቦም አይለፋችሁ።

10. ሁለተኛው ቀን፦ ባሲሊካ፣ ሆስፒታሉ፣ ኮረብታው

ሁለተኛውን ቀን በባሲሊካ ዴል ቮቶ ናሲዮናል ጀምሩ። የቅኝ ግዛት ሕንፃ አይደለም፤ የመሠረት ድንጋዩ በ1892 ተጥሎ በ1988 ነው የተመረቀው። ከሩቅ ስታዩት ፓሪስ ይመስላል። ቀረብ ብላችሁ ከግድግዳው ወደ ውጭ የሚወጡትን የድንጋይ አውሬዎች እዩ። በአውሮፓ ቦታቸው የአጋንንት ነበር፤ እዚህ የጋላፓጎስ ኤሊ፣ ኢጉዋና፣ ዝንጀሮ፣ አርማዲሎ ናቸው። ኪቶዎች «ይህ ቤተ ክርስቲያን ሙሉ በሙሉ ያለቀ ቀን ዓለም ያልፋል» ይላሉ፤ ሁልጊዜም የሚቀር ነገር አይጠፋም። ወደ ማማው የሚወስደው መንገድ በመጨረሻ የብረት መሰላል ይሆናል። ከፍታ የሚያዞራችሁ ከሆነ ከታች ቡና ጠጡ።

ከዚያ ወደ ደቡብ እየወረዳችሁ ሳን አጉስቲን ግቡ። የ1809 የነፃነት ሰነድ የጸደቀው በዚህ ገዳም አዳራሽ ነው። ኮሪደሩን ያስጌጠው ሚጌል ዴ ሳንቲያጎ ነው፤ የ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኪቶ ታላቅ ሠዓሊ።

ላ መርሴድ የሚባለውን ቤተ ክርስቲያንም እግረ መንገዳችሁን ግቡ። ፒቺንቻ ሲፈነዳና ከተማዋ በአመድ ስትሸፈን የሚያሳዩ ሥዕሎች አሉ።

የከተማው ሙዚየም ከ1565 እስከ 1974 ሆስፒታል የነበረ ሕንፃ ውስጥ ነው። እዚህ የኤውሄኒዮ ኤስፔሆን ስም ታገኛላችሁ። አባቱ ከካሃማርካ የመጣ የአገሬው ተወላጅ፣ በዚሁ ሆስፒታል ያገለገለ። ልጁ ሐኪም ሆነ፤ በ1785 ስለ ፈንጣጣ ጻፈ፤ በሽታው በዓይን በማይታዩ ሕያዋን እንደሚተላለፍ ተከራከረ። ጥር 5 ቀን 1792 የከተማውን የመጀመሪያ ጋዜጣ አወጣ። በሐሳቡ ታሠረ፤ በ1795 ሞተ። እሱ ከሞተ 14 ዓመት በኋላ ለተነሡት አርበኞች መንገዱን የጠረገው እሱ ነው። ሌላው ቢቀር ይህን ቤት አትዝለሉ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ፓኔሲዮ ኮረብታ ውጡ። በታክሲ። ደረጃው አጭር ይመስላል፤ በመንገዱ ላይ ዝርፊያ ስላለ የአገሩ ሰው ራሱ በእግር አይወጣም። ታክሲውን እንዲጠብቃችሁ አድርጉ፣ ዋጋውን ቀድማችሁ ተስማሙ። ጫፉ ላይ የቆመችው ከ7,000 ገደማ የአሉሚኒየም ቁራጮች የተሠራች ግዙፍ እመቤት ናት። ክንፏንና የእጇን አኳኋን እዩ። የሌጋርዳዋ ትንሽ እንጨት ናት፤ በ1970ዎቹ ገዝፋ ኮረብታ ላይ ወጣች። ከዚያ ቁልቁል ስታዩ የሁለት ቀን መንገዳችሁ በሙሉ ይታያል፤ ግራና ቀኝ በተራራ ስለተያዘ ከተማው ቀጭንና ረጅም ነው።

ማታ ላ ሮንዳ የምትባለው ጠባብ መንገድ ሞቅ ትላለች፤ በተለይ ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ። የእጅ ባለሙያዎች ሱቅ አለ፣ ሙዚቃ አለ። ካኔላሶ ጠጡ፤ ቀረፋ፣ ናራንሂያ የሚባል ፍሬና የሸንኮራ አረቄ ያለበት ትኩስ መጠጥ ነው። ሲጠጡት የዋህ ነው። በሁለተኛው ላይ ከፍታውን አስታውሱ።

11. ጥንቃቄ፣ በአጭሩ

ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ አገሪቱ በወንበዴ ቡድኖች የተነሣ በተደጋጋሚ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አውጃለች። ከመሄዳችሁ በፊት ወቅታዊ ማሳሰቢያ እዩ። በድሮው ከተማ በቀን ዋናው ችግር ኪስ አውላቂ ነው። ስልክ በፊት ኪስ፣ ቦርሳ በደረት። ማታ አጭር መንገድም ቢሆን በታክሲ። ባህላዊ ባርኔጣና ሻርፕ ያደረጉ እናቶችን ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሡ፤ አንድ ነገር ገዝታችሁ ብትጠይቁ ይቀላል።

12. ግማሽ ቀን ከተረፋችሁ

ወደ ጓፑሎ ሂዱ። ከዘመናዊው ሰፈር ጀርባ ገደል አፋፍ ላይ ያለ የድሮ መንደር ነው። ከላይ የፍራንሲስኮ ዴ ኦሬያና ሐውልት ቆሟል። በ1541 ከኪቶ የተነሣው ዘመቻ አባል ሆኖ ወጥቶ አማዞንን ተከትሎ በቀጣዩ ዓመት አትላንቲክ ውቅያኖስ የደረሰው እሱ ነው። ዘመቻውን የተሸከሙት በሺዎች የሚቆጠሩ የአገሬው ሰዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ አልተመለሱም፤ ሐውልት የላቸውም። ከሐውልቱ ሥር የሚጀምረውን ድንጋይ ንጣፍ መንገድ በእግር ውረዱና የ17ኛውን መቶ ክፍለ ዘመን ቤተ ክርስቲያን እዩ፤ የሚጌል ዴ ሳንቲያጎ ሥዕሎች እዚህም አሉ። ቤተ ክርስቲያኑ ሁልጊዜ ክፍት ስላልሆነ ጠዋት ሂዱ። መመለሻው ቀጥ ያለ ዳገት ነው፤ ታክሲ ያዙ።